ኖራ የጠየቀ መሬት ሻይ ያበቅላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከእንጅባራ አካባቢ ነው የምጽፈው። የአባቴ ማሳ ላይኛው ወገን ቀይ አፈር ነው፣ ታችኛው ዋልካ። ተመርምሮ ቀዩ አሲዳማ ሆኗል፣ ኖራ ካላገኘ ገብስ አይሰጥም ተባልን። ሻይ ደግሞ አሲዳማ አፈር ይወዳል ሲባል ሰማሁ። ለኖራ ከማወጣ ሻይ ብተክልበትስ? ዋልካውስ?

መልስ፦ የሰማኸው እውነት ነው። ሻይ የሚስማማው ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አፈሩ ይኮመጥጣል) ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ የሆነ አፈር ነው። አፈር እንዲህ ሲኮመጥጥ አልሙኒየም ይሟሟና የገብሱን ሥር ያቀጭጨዋል፤ ሻይ ግን ያንኑ አልሙኒየም ስቦ ቅጠሉ ላይ እያከማቸ ደህና ይኖራል። ስለዚህ ሻይ በምትተክልበት ላይ ኖራ እንዳትበትን።

አመድም ያው ነው። ሰው የማያስበው ነገር ይሄ ነው፦ አመድ ሲደፋበት የኖረ የድሮ ጓሮ፣ ወይ እናንተ አገር እንደሚደረገው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ቆርጠው ከሰል ያከሰሉበት ቦታ፣ ዙሪያው ያለው ችግኝ ለምልሞ እዚያች ክብ ላይ ያለው ብቻ ቢጫ ሆኖ ሊቀር ይችላል። አመዱ ኮምጣጣነቱን ስለገደለው ነው።

ዋልካውን እርሳው። ክረምት ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይታፈናል፣ በጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል። እንግጫና ቄጠማ የሚበቅልበትንም አትንካ። ቀዩንም ቢሆን ሰው ቁመት ያህል ቆፍረህ እየው። እስከ ታች ቀይና ልል ከሆነ ጥሩ፤ ድንጋይ ወይ ግራጫ ሆኖ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት ጭቃ ካገኘህ ግን ውሃ የሚያቁር ቦታ ነውና ተወው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ እሱም አፈሩ አይደለም። ሻይ ዝናቡ በዓመቱ ውስጥ ተከፋፍሎ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ውሽውሽና ጉማሮ ላይ ሻይ የሚለማው አገሩ እርጥብ ስለሆነ ነው። እናንተ ጋ ክረምቱ ዶፍ ነው፣ ከኅዳር በኋላ ግን ለወራት ይደርቃል፣ ውርጩም አለ። ውርጭ ለጋውን ቡቃያ ያቃጥላል፤ የሚለቀመው ደግሞ እሱ ነው። በዚያ ላይ የተለቀመ ቅጠል አያድርም፣ በዚያው ቀን ፋብሪካ መግባት አለበት። ቅርብህ ፋብሪካ ከሌለ ለማን ትሸጣለህ?

እኔ ብሆን ማሳውን ለሻይ አልሰጥም። የበጋ ውሃ ካለህ ውርጭ ከማይተኛበት ተዳፋት ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ጥቂት ችግኝ ሞክር። ለመጀመሪያው ለቀማ ሦስት ዓመት ገደማ ትጠብቃለህ። የገብሱ ማሳ ግን ኖራውን ይፈልጋል፣ በትንለት።