የመመረቂያ ርዕስሽን አትቀይሪ

ውድ እህቴ፣

በኬሚስትሪ ልትመረቂ አንድ ሴሚስተር እንደቀረሽ፣ የመመረቂያ ሥራሽም ሃይድሮጅን ባለው የሲሊኮን ፖሊመር (ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት) አማካኝነት ሲልቨር ናይትሬት ከተባለው የብር ጨው የብር ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ጥቃቅን ብር፣ ማዘጋጀት እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ወንድምሽ ደግሞ «በዚህ ሙያ የሚቀጥርሽ የለም፣ ርዕሱን ቀይሪ» ብሎሻል። እኔ አትቀይሪ እላለሁ።

ወንድምሽ ስለ አንቺ ተጨንቆ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። «የናኖ ቅንጣት ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ስትጠብቂ ዓመት ያልፋል። ነገር ግን የመድኃኒት ፋብሪካም፣ የውሃ ጥራት ቤተ ሙከራም፣ የማዕድን መመርመሪያም የሚፈልገው በመለካት የሠለጠነ እጅና የማይዋሽ የሙከራ መዝገብ ነው። ሁለቱንም ይህ ሥራ ያስተምርሻል።

ነገሩን ልብ ብለሽ እዪው። በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ያለው የሲሊከን አቶምና የሃይድሮጅን ትስስር ለብሩ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ለጎደለው የብር አቶም፣ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ አዮኑም ወደ ንጹሕ ብርነት ይለወጣል። ያው ሰንሰለት ቅንጣቶቹን ከብቦ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል። ፖሊመሩ ሲያንስ ግን ጥበቃው ይላላል፤ ቢጫው ቀለም ይደበዝዝና ከጠርሙሱ ግርጌ ግራጫ ዝቃጭ ይቀመጣል። ብዙ ተማሪ እንዲህ ያለውን ቀን ከመዝገቡ ይዘለዋል። እባክሽ አትዝለዪው፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ ሙቀቱን ጻፊ። ለቀጣሪ ከምታሳዪው ሁሉ የሚበልጠው ያ ገጽ ነው።

አንድ ጊዜ ለጥራት ቁጥጥር ሥራ በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ ከጠያቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ጎበዝ ተመራቂ ነበረች። «ፈሳሹ ቢጫ ሆነ ብለሻል፤ ብር መሆኑን በምን አረጋገጥሽ?» ስትባል ዝም አለች። እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ መልሱ ቅርቧ ነበርና። ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች የሞገድ ርዝመቱ 400 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ይመጥጣሉ፤ ይህን የብርሃን መጠጣ መለኪያው ስፔክትሮፎቶሜትር ያሳያል። ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ ብር) አለመሆኑን ደግሞ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን፣ ማለትም ኤክስሬይ ከናሙናው ላይ የሚበተንበትን ንድፍ መመርመር፣ ይለያል። ቀለም ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1857 ከወርቅ ጨው ቀይ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ቀለሙ ከወርቁ ቅንጣት ጥቃቅንነት የመጣ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ደክሟል።

ወደ ፓላዲየም መሻገር እንደምትፈልጊም ነግረሽኛል። ብረቱ ውድ ነው፤ በመኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥም ስላለ ከአሮጌ ማጣሪያ መልሶ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አደራ የምልሽ ግን አለ፦ ፓላዲየም ባለበት ይህ ፖሊመር ከውሃ ወይም ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ጋዝ ይለቃል። ጠርሙሱን አጥብቀሽ አትክደኚ፣ ከጋዝ መሳቢያው ውጭም አትሥሪ።

ሁለተኛ ዲግሪ ካሰብሽ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ሆነ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪ የሚሆንሽን መምህር አነጋግሪ። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እዚያው ይገኛል ወይስ ናሙና ወደ ውጭ ይላካል? የስንት ወር ወረፋ አለው? ብዙ ተማሪ የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው።

በሥራ ማመልከቻሽ ላይም «ናኖ ቴክኖሎጂ» ብለሽ አትለፊ። «የብር አዮንን በሲሊኮን ፖሊመር ወደ ብርነት ለውጬ፣ ቅንጣቶቹን በስፔክትሮፎቶሜትር ለክቼ፣ የዝቃጩን ምክንያት ለይቼ አስተካክያለሁ» ብለሽ ጻፊ፤ ያልሠራሽውን ግን አትጨምሪ። ረቂቁን ላኪልኝ፤ መስመር በመስመር አነበዋለሁ።