አንድ ሪፖ፣ ብዙ ሰርቪስ፦ ስለ ክላውድ ቢልድ ለጠየቃችሁኝ የጅማ ልጆች

ሰላም ናችሁ! ሰሞኑን በውስጥ መስመር ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛ እዚሁ በአንድ ላይ ልመልስ። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙት የጉግልን ክላውድ ቢልድ (ኮዳችሁን በጉግል ማሽን ላይ የሚገነባ አገልግሎት) ስለሆነ ምሳሌዬም ከዚያው ነው።

ጥያቄ (ከሄርማታ)፦ ለቡና አቅራቢዎች የምንሠራው ሲስተም አራት ሰርቪስ (ለየብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) አለው፤ ሁሉም አንድ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ነው። አንድ መስመር ስነካ አራቱም ቢልድ ይሆናሉ (እንደገና ይገነባሉ)። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ ሰርቪስ የራሱን ትሪገር (ኮድ ሲቀየር ቢልዱን የሚያስነሳ ደንብ) አውጣለት። ትሪገሩ ላይ የትኞቹ ፋይሎች ሲቀየሩ እንደሚነሳ የምትነግርበት «ኢንክሉድድ ፋይልስ» የሚል ቦታ አለ። የሰርቪሱን ፎልደር ጻፍና መጨረሻው ላይ እዝባርና ሁለት ኮከብ (/**) ጨምር። ሁለት ኮከብ ማለት በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ንኡስ ፎልደሮቹም ጭምር ማለት ነው። የክላውድ ቢልዱን ያምል ፋይል (የቢልዱ ትእዛዞች የሚጻፉበትን) በየሰርቪሱ ፎልደር አስቀምጥና ትሪገሩን ወደዚያ ጠቁመው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰርቪሶቹ የሚጋሩት ኮድ ካለ ያንን ፎልደር በአራቱም ትሪገር ላይ አስገባው። ካላስገባኸው የጋራውን ኮድ ቀይረህ ፑሽ ታደርጋለህ (ወደ ሪፖው ትልካለህ)፣ ምንም ቢልድ አይነሳም፣ ሰርቪሶቹ በአሮጌው ኮድ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፣ ቀይ ምልክት ስለሌለ ደግሞ ማንም አያይም። ከሁሉም የምፈራው ይሄን ነው። ቢልድ ሲወድቅ ቢያንስ ይታያል።

ጥያቄ (ከዚያው ልጅ)፦ ዶከር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ኢሜጅ» በሚባል ጥቅል የሚያሽገው መሣሪያ) የጋራ ፎልደሩን አላገኘሁትም እያለኝ ነው።

መልስ፦ ኮንቴክስቱን (ለዶከር የምትሰጠውን ፎልደር) የሰርቪሱ ፎልደር ስላደረግከው ነው። ዶከር ከኮንቴክስቱ ውጪ ያለ ፋይል አያይም። ኮንቴክስቱን የሪፖው ዋና ፎልደር አድርገውና ዶከርፋይሉን (ኢሜጁ እንዴት እንደሚሠራ የተጻፈበትን ፋይል) በሰረዝ ኤፍ (-f) ጠቁመው።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ተማሪ)፦ መብራቱንም ኔቱንም ታውቀዋለህ። ላፕቶፔ ላይ ሠርቼ ኢሜጁን ብጭነው አይቀልም?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ክላውዱ የሚያዋጣው እንደኛ ላለ ሰው ነው። ፑሽ ስታደርጊ የሚሄደው የቀየርሽው ኮድ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ኪሎባይት። ቤዝ ኢሜጁን (መነሻ ጥቅሉን) ማውረድ፣ ላይብረሪውን መሰብሰብ፣ ያለቀውን ኢሜጅ ወደ አርቲፋክት ሬጂስትሪ (የጉግል የኢሜጅ ማከማቻ) መጫን፣ በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠረው ሥራ ሁሉ እዚያው በነሱ መስመር ያልቃል። ፑሹ አንዴ ከደረሰ መብራት ቢሄድ እንኳ ቢልዱ አይቆምም። ላፕቶፕሽን ዘግተሽ ክፍል ግቢ።

ጥያቄ፦ ወጪውስ?

መልስ፦ ክላውድ ቢልድ በመደበኛው ማሽን በወር 2,500 ደቂቃ ነፃ ይሰጣል፤ ግን ክፍያ የሚቆረጥበት ካርድ አስመዝግቡ ይላል። ዓለም አቀፍ ካርድ የሌላችሁ በጊትሃብ አክሽንስ (የጊትሃብ ተመሳሳይ አገልግሎት) ጀምሩ። በነፃው አካውንት ለግል ሪፖ በወር 2,000 ደቂቃ አለው።

ጥያቄ፦ ጊትሃብ ላይ ቢልዱን በፓዝ (በፎልደር አድራሻ) ለየሁት። አሁን ፑል ሪኩዌስቱ (ለውጤ ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ ያቀረብኩት ጥያቄ) «ፔንዲንግ» ብሎ ቆሞ ቀረ፤ መርጅ ማድረግ አልቻልኩም።

መልስ፦ ቼኩን (ከመርጅ በፊት የሚደረገውን ፍተሻ) ግዴታ አድርገኸዋል፣ ወርክፍሎው (የአክሽንስ የሥራ ዝርዝር) ግን በፓዝ ምክንያት ጨርሶ አልተነሳም፤ ስለዚህ ጊትሃብ የማይመጣ ውጤት እየጠበቀ ነው። ማጣሪያውን ከወርክፍሎው አንሳና ጆቡ (በወርክፍሎው ውስጥ ያለው ሥራ) ላይ በ«ኢፍ» ቅድመ ሁኔታ አድርገው። በኢፍ የተዘለለ ጆብ እንዳለፈ ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ ላይብረሪ ማውረዱ በየቢልዱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ጊዜ ፈጀብን።

መልስ፦ እያንዳንዱ ቢልድ ባዶ ማሽን ላይ ስለሚነሳ ካሽ (ካለፈው ቢልድ የተቀመጠ ሥራ) የለውም። ያለፈውን ኢሜጅ መጀመሪያ ፑል አድርጉና በካሽ ፍሮም (--cache-from) ስጡት። ዶከርፋይሉ ላይ የላይብረሪ ዝርዝሩ ቀድሞ ይገልበጥ፣ ላይብረሪው ይጫን፣ ኮዳችሁ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንድ ፊደል በቀየራችሁ ቁጥር ሁሉም ከዜሮ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ የኢሜጁን ታግ (መለያ ስም) «ሌተስት» ብለው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በኮሚት ሻ (እያንዳንዱ የኮድ ለውጥ ባለው ልዩ መለያ) ሰይመው። ማታ ላይ አንዱ ሰርቪስ ቢበላሽ የትኛው ኮድ እየሠራ እንደሆነ ወዲያው ታውቃለህ፣ የትናንቱንም ሳትገነባ ትመልሰዋለህ።