ስለ ገጠር ሸሪፍ ለጠየቃችሁኝ

አሜሪካ፣ ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ካውንቲ (በስቴት ሥር ያለች ወረዳ) እስር ቤት በጥበቃ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። የጠየቃችሁኝን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸሪፍና ፖሊስ በምን ይለያሉ?

መልስ፦ የከተማውን ፖሊስ አዛዥ አስተዳደሩ ይሾመዋል። ሸሪፍን የሚመርጠው የካውንቲው ሕዝብ ነው። እስር ቤቱ በሱ እጅ ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያም ያደርሳል። ከከተማ ወጣ ብላችሁ የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ስትደውሉ የሚመጣው እሱ ወይም ምክትሉ ነው።

ጥያቄ፦ ምርጫውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ቴክሳስ ውስጥ በየ4 ዓመቱ፣ ከፕሬዚዳንት ምርጫ ጋር ነው። ማርች ላይ በየፓርቲው ውስጥ ይወዳደራሉ፤ ዋናው ኖቬምበር ላይ ነው። አንድ ፓርቲ ባየለበት ገጠር ግን ነገሩ ማርች ላይ ያልቃል። ዜግነት ያለው ወገኔ ኖቬምበርን ጠብቆ ሲሄድ አንድ ስም ብቻ ተጽፎ ያገኛል። ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። የማርቹን ለመምረጥ የፓርቲ አባልነት አያስፈልግም፤ የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደምትፈልጉ እዚያው ትናገራላችሁ።

ቅስቀሳው ደግሞ ፊት ለፊት ነው። አለቃችን ሸሪፉ በምርጫ ዓመት ከከብት ጨረታ አይጠፋም ነበር። አንዴ አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው፣ «ላሞቼ አስፋልት ላይ ወጥተው 2 ሰዓት አስጠበቅኸኝ» አሉት። ባርኔጣውን አውልቆ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ሰኞ ጠዋት ቢሮ እንደገባ የዚያን ቀን ተረኛ ማን እንደነበር ጠየቀ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ስቴት ይመርጣል?

መልስ፦ አብዛኛው አዎ። አላስካ ካውንቲም ሸሪፍም የላትም። ኮነቲከት የሸሪፍነቱን ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2000 አስቀርታዋለች።

ጥያቄ፦ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ምክትል ሸሪፍ ያስቆመኛል?

መልስ፦ ያስቆምሃል ወንድሜ። እጅህን መሪው ላይ አድርግ፣ ወረቀትህን ሲጠይቅህ አውጣ። የጭነት መኪናውን ቴክኒክ ለመፈተሽ ግን የተለየ ሥልጠናና ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ጥያቄ፦ ሰው በሌለበት ሸሪፍ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ቴክሳስ ያለችውን ላቪንግ ካውንቲን እዩ። በ2020 ቆጠራ 64 ነዋሪ ብቻ ነበራት። ስፋቷ ግን 1,750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባሉ ትናንሽ ካውንቲዎች ሸሪፉ ግብርም ይሰበስባል። ቴክሳስ ውስጥ በምርጫ ሸሪፍ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት የተገኘችውም እዚያው ነው። ኤድና ሪድ ክሌይተን ደዊስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1945 መጀመሪያ ተሾመች፣ ከዚያ ተመረጠች። ሽጉጥ አትይዝም ነበር። ያሰረችውም 2 ሰው ብቻ ነው።