የአዳማ ሙቀትና የዲፍረንሻል ዘይት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ቶዮታ 86 አለኝ። አዳማ ሞቃት ስለሆነ 85ደብሊው-140 ሙላበት ተባልኩ፤ የመኪናው መጽሐፍ ግን 75ደብሊው-85 ይላል። የቱን ልስማ?

መጽሐፉን ይስሙ። ዲፍረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ክፍል ነው። ከ"ደብሊው" በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ጉዳይ ነው። 85ደብሊው የሚባለው እንኳ ከዜሮ በታች እስከ 12 ዲግሪ ድረስ የተመዘነ ስለሆነ፣ አዳማ ላይ በዚህ ቁጥር መጨነቅ አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል፦ 85 ከ11 እስከ 13.5 ሴንቲስቶክ፣ 90 ከ13.5 እስከ 18.5፣ 140 ደግሞ ከ24 እስከ 32.5። የመከሩዎት ሰዎች እጥፍ ያህል የወፈረ ዘይት ነው ሙላ ያሉዎት።

ዲፍረንሻልን ከውጭ አየር ይበልጥ የሚያሞቀው ጭነትና ፍጥነት ነው። ከልኩ የወፈረ ዘይት ደግሞ ኮሮናው (ትልቁ ማርሽ) ሲንጠው ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ጠዋት ሲነሱም ወደ ፒኞኑ (ኮሮናውን ወደሚያዞረው ትንሽ ማርሽ) ኩሽኔታ ቶሎ አይደርስም፤ ነዳጅም ይበላል። በፈጣን መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ዳገቱን ደጋግመው በሙሉ ጉልበት የሚወጡ ከሆነ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90 ቢሞሉ ችግር የለውም። ከዚያ አይለፉ። የትኛውንም ቢመርጡ ጀሪካኑ ላይ "ጂኤል-5" የሚለው የዘይት ደረጃ መጻፉን ያረጋግጡ። የእርስዎ መኪና ቶርሰን የሚባለው ዲፍረንሻል ካለው የሚሠራው በዲስክ ሳይሆን በማርሽ ስለሆነ የፍሪሲዮን ማለስለሻ (ዲስኮች ሳይንገጫገጩ እንዲንሸራተቱ ዘይቱ ላይ የሚጨመር ፈሳሽ) አይፈልግም።

ሙስታንጌ ዘይት ከተቀየረለት ወዲህ ፍጥነት ቀንሼ ጠበብ አድርጌ ስዞር ከኋላ እየተንገጫገጨ ይጮኻል። ማርሹ ተበልቶ ይሆን?

ከዘይት ቅየራው በኋላ የጀመረ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘይቱ ነው። 8.8 ኢንች የሚባለው የፎርድ ዲፍረንሻል ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገታ) ከሆነ በውስጡ የፍሪሲዮን ዲስኮች አሉት። መኪናው ሲዞር ሁለቱ ጎማዎች እኩል ስለማይሽከረከሩ ዲስኮቹ እርስ በርስ መንሸራተት አለባቸው። ማለስለሻ የሌለው ዘይት ያዝ ለቀቅ ያደርጋቸዋል፤ የሚሰሙትም ይህንኑ ነው። በተወሰኑ ዓመታት ሙስታንጎች ላይ ለዚህ ዲፍረንሻል የታዘዘው ሲንቴቲክ 75ደብሊው-140 ሲሆን ከ118 ሚሊ ሊትር ማለስለሻ ጋር ይሞላል። አንዳንድ ዘይት ላይ "ኤልኤስ" የሚል ምልክት አለ፤ ማለስለሻው ቀድሞ የተቀላቀለበት ነው። ከጨመሩ በኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልገው በዝግታ አሥር ጊዜ ያህል የ8 ቅርጽ እየሠሩ ይንዱ፤ ዘይቱ ዲስኮቹ መሃል የሚገባው እንዲያ ነው። "ትንሽ ልጨምር" እያሉ ማብዛት ግን ጉዳት አለው፤ ዲስኮቹ መያዝ ያቆሙና አንዱ ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል።

የዲፍረንሻሉን ዓይነት ለማያውቅ፦ የፊት ጎማዎችን በታኮ ይያዙ፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንሥተው በመደገፊያ ላይ ያሳርፉ፣ ማርሹን ኑትሮ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁና አንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩ። ሌላኛው አብሮ ወደዚያው አቅጣጫ ከዞረ ዲስክ ያለው የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በተቃራኒ ከዞረ ተራው ዲፍረንሻል ወይም ቶርሰን ነው።

ከዲፍረንሻሉ የተረፈኝን ጂኤል-5 ማንዋል ካምቢዮው ላይ ልጨምረው?

የካምቢዮው መመሪያ ጂኤል-4 (ከጂኤል-5 ቀለል ያለ የዘይት ደረጃ) የሚል ከሆነ አይጨምሩ። ጂኤል-5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ውህድ በጣም የበዛ ነው፤ እየተፋተጉ የሚሽከረከሩትን የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች ያድናል፣ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ግን ሊበላ ይችላል። ከሚገባው በላይ ስለሚያንሸራትትም ማርሽ ሲቀይሩ ያንገራግራል። "ለሁሉም ይሆናል" ከሚል ጀሪካን ይልቅ የመኪናውን መጽሐፍ ማመን ይሻላል።

ቪትዝ ነው የምነዳው፤ የዲፍረንሻሉ ዘይት መሙያ የት ነው?

የፊት ጎማው ነጂ የሆነ ቪትዝ ዲፍረንሻሉ ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ ዘይታቸው አንድ ነው። ከኋላ አይፈልጉ።

ራሴ ልቀይር ብል ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በፊት የላይኛውን የመሙያ ብሎን ይፍቱ። የታችኛውን ከፍተው ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ባለበት ይቀራል። ጥቂት ነድተው ዘይቱ ለብ ሲል ያፍስሱ። መኪናው ፍጹም ሜዳ ላይ መቆም አለበት፤ ፊቱን ብቻ በክሪክ ካነሡ ልኩ ይሳሳታል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለዚህ ይመቻል። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ መንጠባጠብ ሲጀምር በቃው። ሲበዛ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻውም ይተፋል። የብሎኖቹን ሮንዴላ በአዲስ ይቀይሩ።

የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው በደንብ ይዩት። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲያሹት የሚቆረቁር ስብርባሪ ካለ ግን ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እየተሰበረ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። በክረምት ጎርፍ ያቋረጠ መኪና ላይ የሚያጋጥመው፣ የጋለው ዲፍረንሻል በድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው ውሃ ስለሚስብ ነው። ወዲያው አፍስሰው በአዲስ ይተኩት። መተንፈሻው በአቧራና በጭቃ ከተደፈነ ደግሞ ውስጥ የታፈነው ግፊት ዘይቱን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ያወጣዋል፤ ስለዚህ ኦይል ሲል ከመግዛትዎ በፊት መተንፈሻውን ያጽዱ።