«ያልከፈልኩት ስለት ልጄን ወሰደብኝ?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሦስት ልጆች እናት ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ በ24 ዓመቱ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከእንጨት መወጣጫው ወድቆ ሞተብኝ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ለፈተና ሲቀመጥ ለሠፈራችን ቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተስዬለት ነበር። ፈተናውን አለፈ፤ እኔ ግን ኑሮ ሲያሯሩጠኝ ስለቴን ሳላስገባ ቀረሁ። በሰልስቱ ዕለት አንዲት ጎረቤቴ «መልአኩ የራሱን ወሰደ» አለችኝ። ሌሎቹ ደግሞ ሳለቅስ ሲያዩ እምነት ማጣት ነው ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ጸሎቱ ግን ከአፌ አይወጣም። ልጄ የሞተው በእኔ ጥፋት ነው? ለአርባውስ ምን ላድርግለት?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎ የሞተው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት የቀረውን ለማንበብ ዐቅም ቢያጡ እንኳ ይህችን ይዘው እንዲያድሩ ብዬ ነው።

ጌታችን በሚያስተምርበት ዘመን በሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ገድሎ ነበር። የዚያ ጊዜ ሰውም እንደ ጎረቤትዎ ነበር፤ ግንብ የሚወድቀው በደለኛ መርጦ ይመስለው ነበር። ጌታ ግን «በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሰዎች ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩን?» ብሎ ጠየቃቸውና ራሱ «አይደለም» ብሎ መለሰ (ሉቃ. 13፥4-5)። ቀጥሎ ንስሐ ግቡ ማለቱ እውነት ነው። የተናገረው ግን በሰው ሞት ላይ ቆመው ለሚመራመሩት እንጂ ሬሳ ታቅፋ ለምታለቅስ እናት አይደለም። ይህን ልዩነት ብዙዎቻችን እናልፈዋለን።

እንጨት ሲበሰብስ፣ ማሰሪያ ሲላላ፣ ሠራተኛ ያለ ቀበቶ ከፍታ ላይ ሲወጣ ሰው ይወድቃል። ቸልተኛ አሠሪ ካለ በሕግ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፤ ቂም ከመያዝም ይለያል። የምድሩን ጥያቄ በምድር ይጠይቁ።

ስለቱን በተመለከተ፣ ተስለን ማዘግየታችን ልክ አይደለም፤ መጽሐፍም «ለመክፈል አትዘግይ» ይላል (ዘዳ. 23፥21)። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ሲመቸዎት ያስገቡ። ነገር ግን ስለት ምስጋና ነው፤ ልጅ በመያዣነት የሚያዝበት ብድር አይደለም። በታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤልን የምናከብረው ሦስቱን ወጣቶች ከእሳት ያወጣ መልአክ ብለን ነው። በጃንጥላ ዋጋ ወጣት የሚነጥቅ መልአክ እኔ ከአባቶቼ አልተማርኩም።

ታዲያ ለምን ሞተ? እናቴ፣ ይህን አላውቅም። ገና ማስተማር የጀመርኩ ሰሞን በአንድ የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ለማወቅ ሞክሬ ነበር። ልጁ ለሞተበት አባት «እግዚአብሔር አበባውን መርጦ ይቀጥፋል» አልኩት። ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና ወጣ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የኢዮብ ወዳጆችም ከእኔ ይሻሉ ነበር፤ ቢያንስ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ዝም አሉ። የተበላሹት አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። በድለህ ነው፣ ልጆችህ በድለው ነው እያሉ ቁስሉን ነካኩበት። በፍጻሜው እግዚአብሔር የተቆጣው ያለቀሰውንና የተከራከረውን ኢዮብን ሳይሆን፣ የእግዚአብሔር ጠበቃ ነን ያሉትን ወዳጆቹን፣ እነ ኤልፋዝን ነው (ኢዮብ 42፥7)። ኤልፋዝ ዛሬም በየድንኳኑ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ እርስዎም ሳያገኙት አልቀሩም።

ኢዮብን ካነሣን አይቀር አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አስቀድሞ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 አህዮች ነበሩት። ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆችም ነበሩት። እነርሱም በታላቅ ወንድማቸው ቤት ሲበሉና ሲጠጡ ነፋስ ቤቱን ጣለባቸው፤ ሞቱ። እንደ ልጅዎ ሁሉ ሰው የሠራው ነገር ከዳቸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የነበረውን ሁሉ እጥፍ አድርጎ መለሰለት ይላል። ይቁጠሩት፦ በጉ 14,000፣ ግመሉ 6,000፣ በሬው 1,000 ጥማድ፣ አህያው 1,000። ልጆቹስ? ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች። ሃያ መሆን ሲገባቸው አሥር ብቻ ተጻፉ።

ይህ የጸሐፊ ስሕተት አይደለም። በጉ ጠፍቶ ስለነበር እጥፉ እንደ አዲስ ተቆጠረ። ልጆቹ ግን አልጠፉም። ፊተኞቹ አሥሩ በእግዚአብሔር ዘንድ ስላሉ ከኋለኞቹ ጋር ሃያ ናቸው። ኢዮብ የሃያ ልጆች አባት ነው። የእርስዎም ደብዳቤ «የሦስት ልጆች እናት ነኝ» ብሎ ይጀምራል። «የሁለት» ብለው አልጻፉም። ልክ ነዎት።

ስለ ልቅሶው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ መንገድ አለቀሰ (ዮሐ. 11፥35)። ቤተ ክርስቲያናችን በወርኀ ጽጌ ሰቆቃወ ድንግል ታዜማለች፤ ልጇን ይዛ የተሰደደችውን እናት ሰቆቃ በከበሮና በጽናጽል መካከል ታሰማለች። ልቅሶ ክሕደት ቢሆን ኖሮ ማኅሌት ውስጥ ምን ያደርግ ነበር? ፊት መንጨትና ደረት መድቃት ተከልክሏል። እንባ አልተከለከለም። ሐዋርያውም «አታልቅሱ» አላለም፤ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳታዝኑ አለ እንጂ (1ኛ ተሰ. 4፥13)።

«ተስፋው የት አለ? እኔ ውስጥ አጣሁት» ይሉኝ ይሆናል። ጸሎት ከአፍዎ አለመውጣቱም ከዚሁ የመጣ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ጸሎተ ሃይማኖት ሲደረስ ያዳምጡ። ሲጀምር «ነአምን» ይላል፤ እናምናለን። ሙታን ዘንድ ሲደርስ ግን ቃሉን ይለውጥና «ወንሴፎ ትንሣኤ ሙታን» ይላል፤ የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ማለት ነው። «ተስፋ አደርጋለሁ» አይልም፤ «እናደርጋለን» ነው የሚለው። አባቶች ይህን የብዙ ሰው ቃል አድርገው ማኖራቸው እንዲህ ላሉ ቀናት ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። አፍዎ አልከፈት ሲል ዝም ብለው ይቁሙ፤ በቀኝዎና በግራዎ ያሉት ሴቶች ስለ እርስዎ ተስፋ ያደርጋሉ። እርስዎም ከዚህ በፊት ሳያውቁት ልጇን ለቀበረች አንዲት እናት ብለውላት ይሆናል።

ቤት ውስጥ ዳዊት መድገም ከፈለጉ በሐሙስ ክፍል ያለውን 87ኛውን መዝሙር ይሞክሩ። ሙት እንደሆነ የሚሰማው ሰው ጸሎት ነው፤ ወዳጅ ዘመድ ራቀኝ ብሎ ሳይጽናና ያበቃል። እሱም ከከበደዎት «ኪርያላይሶን» ይበቃል። በሰሙነ ሕማማት ቀኑን ሙሉ እየሰገድን የምንለው ይህንኑ አይደል?

አሁን ወደ አርባው። ለተዝካር ብለው አይበደሩ። በሬ ታርዶ ድንኳን ሞልቶ የሟች ወንድም ለዓመት ዕዳ ሲከፍል አይቻለሁ፤ ይህን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም። ጸሎተ ፍትሐቱ ይድረስለት፣ ቅዳሴው ይቀደስለት፤ ዐቅምዎ የፈቀደውን እንጀራ ለነዳያን ያብሉ። ሁለቱ ልጆችዎ በዚያ ቀን ከአጠገብዎ አይለዩ። ወንድማቸው ነው፤ ሐዘኑም የእነርሱ ጭምር ነው። እንግዳ ሲያስተናግዱ ውለው ማልቀሻ ጊዜ ያጡ ልጆች ብዙ አይቻለሁ።

የዛሬ 24 ዓመት በተወለደ በአርባ ቀኑ በነጭ ልብስ ጠቅልለው ያን ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወስደውት ነበር። ካህኑ ከውኃው አውጥቶ ሲመልስልዎ የክርስትና ስሙን ነግሮዎታል። አሁንም በአርባ ቀኑ ወደዚያው ይዘውት የሚሄዱት ያንኑ ስም ነው። በመሥሪያ ቤት መታወቂያው ላይ ያለውን አይደለም። ረስተውት ከሆነ ክርስትና አባቱን ይጠይቁ። ከዋዜማው በፊት በወረቀት ጽፈው ለካህኑ ይስጡ፤ በልቅሶ ድምፅ ሲናገሩት በደንብ አይሰማምና።