የድርጅትን ድረ ገጽ ያለ ሙያ መቀየር፦ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ለጠያቂያችን የሰጠሁት ምላሽ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎን እንደተረዳሁት፣ የቤት ዕቃ መሸጫዎ ድረ ገጽ ከአራት ዓመት በፊት ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ተሠርቶልዎታል፤ አሁን መልኩ አርጅቶብዎታል፣ የሠራልዎት ዴቨሎፐርም ስልክ አያነሳም፤ ስለዚህ ዩቲዩብ እያዩ ቴሙን (የገጹን መልክና አቀማመጥ የሚወስነውን ጥቅል) በራስዎ ለመቀየር አስበው፣ ሙያው ሳይኖርዎት ቢነካኩት ምን ሊደርስብዎት እንደሚችልና ጓደኛዎ በቴሌግራም የላከልዎትን ቴም ቢጭኑት ችግር እንዳለው ጠይቀዋል። እኔም የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የማስተዳድረው አነስተኛ የአስጎብኚ ድርጅት ነው። ነገር ግን እርስዎ ያሰቡትን በመስከረም 2011 ዓ.ም. በገዛ እጄ አድርጌው፣ የከፈልኩበትን ዋጋ ስለማውቅ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎት።

ቴሙን ገዝቼ የጫንኩበት የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። ሜኑው ጠፋ፣ በጎን የነበሩት ሳጥኖች ተበታተኑ፤ እነዚህን ግን ግማሽ ቀን ፈጅቼ መለስኳቸው። ችግር የመጣው በገጹ ግርጌ የተጻፈውን የቴሙን አምራች ስም ለማጥፋት ብዬ፣ አንድ ቪዲዮ ላይ ያየሁትን የኮድ መስመር በሆስቲንጉ (ድረ ገጹን በኪራይ በሚያኖርልን አገልግሎት) የፋይል ማስተዳደሪያ በኩል ገብቼ ፈንክሽንስ በሚባለው ፋይል ውስጥ ስለጥፍ ነው። ከመስመሩ መጨረሻ አንዲት ምልክት ሳልገለብጥ ቀርቼ ኖሯል። ገጹን ስከፍተው ባዶ ነጭ ወረቀት ሆነ፤ ጽሑፍ የለ፣ ስሕተቱን የሚናገር መልእክት የለ፤ ዳሽቦርዱም (የማስተዳደሪያው ገጽ) ያው ነጭ ነው። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። የገለበጥኩት ግን የፋይሎቹን ፎልደር ብቻ ነበር፤ የጉዞ ፕሮግራሞቹ፣ ዋጋዎቹና ጽሑፎቹ በሙሉ የሚቀመጡት ደግሞ በዳታቤዙ፣ ማለትም ከፋይሎቹ ተለይቶ በሚኖረው የመረጃ ቋት ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካልተገለበጡ ባክአፕ አለ እንደማይባል የተማርኩት በዚያች ሌሊት ነው። ደግነቱ ዳታቤዙ አልተነካም ነበርና፣ ጠዋት የሆስቲንጉ ሠራተኛ የአዲሱን ቴም ፎልደር ስም ቀይሮ አሠራሩን ቢያስቆመው ዳሽቦርዱ ተመለሰልኝ።

ከዎርድፕረስ 5.2 ወዲህ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ሲፈጠር ሲስተሙ ራሱ መግቢያ ሊንክ በኢሜይል ይልካል። የሚልከው ግን በአስተዳዳሪነት ለተመዘገበው ኢሜይል ነው። በእርስዎ ድረ ገጽ ላይ የተመዘገበው የዚያ ስልክ የማያነሳው ዴቨሎፐር ኢሜይል ከሆነ፣ ሊንኩም የሚደርሰው ለእርሱ ነው። ስለዚህ ስለ ቀለምና ስለ ፎቶ ከማሰብዎ በፊት የዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም)፣ የሆስቲንጉና የዎርድፕረሱ መግቢያ በማን ስምና በማን ኢሜይል እንደተያዘ ያጣሩ። ዶሜይኑ በዴቨሎፐሩ ስም ከተመዘገበ፣ ሱቁ የእርስዎ ሆኖ የቤቱ ካርታ የሌላ ሰው ነው እንደማለት ነው፤ ቴም የመቀየሩ ነገር ይህ እስኪስተካከል ሊቆይ ይችላል።

ነጩ ገጽ አስደንግጦኝ ነበር፤ ሆኖም የሚታይ ብልሽት ስለሆነ በአንድ ቀን ተስተካክሏል። ቢዝነሴን የጎዳው ሳይታይ ውስጥ ውስጡን የተበላሸው ነው። በድሮው ገጽ ላይ ጎብኚዎች ጥያቄ የሚልኩበት ፎርም ነበር፤ ዴቨሎፐሩ ፎርሙን ከድርጅቱ ኢሜይል ጋር በትክክል አገናኝቶት ስለነበር መልእክቱ ሁልጊዜ ኢንቦክሳችን ይገባል። አዲሱ ቴም የራሱን ፎርም ይዞ መጣ፤ ከድሮው ይልቅ ያምር ስለነበር በእርሱ ተካሁት። ይህ ፎርም መልእክቱን የሚልከው በቀጥታ ከሰርቨሩ (ድረ ገጹ ካለበት ኮምፒዩተር)፣ የጎብኚውን አድራሻ እንደ ላኪ አድርጎ ነበር። ትልልቆቹ የኢሜይል አገልግሎቶች እንዲህ ያለውን መልእክት በሌላ ሰው ስም እንደተላከ ቆጥረው ስፓም ውስጥ ይጥሉታል፣ ወይም ጭራሽ አይቀበሉትም። በገጹ ላይ ግን የላከው ሰው "እናመሰግናለን፣ መልእክትዎ ደርሶናል" የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ያያል፤ ሰርቨሩ መልእክቱን ለመላክ ተቀብሏልና በእርሱ በኩል ሥራው አልቋል።

ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት አንድም ጥያቄ አልመጣልንም። ወቅቱ ለጥምቀት የሚመጡ ቡድኖች ቦታ የሚይዙበት ነበር፤ እኛ ግን ገበያው ቀዘቀዘ ብለን ተቀመጥን። ነገሩ የታወቀው አንዲት የቆየች ደንበኛችን በግል ኢሜይሌ በጻፈችልኝ ጊዜ ነው። ፎርሙን ሁለት ጊዜ ሞልታ መልስ በማጣቷ፣ ስምንት ሰዎች ያሉበትን ቡድኗን ወደ ጎንደር የሚወስድላት ሌላ ድርጅት መያዟን፣ እኛም ደኅና መሆናችንን ለማወቅ እንደጻፈች በትሕትና ገለጸችልኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ልቤ ቁርጥ ይላል። ስፓሙን ስንበረብር ጥቂቶቹን አገኘናቸው፤ ሌሎች ስንት እንደነበሩ ግን ፎርሙ መልእክቶቹን በዳታቤዙ የማያስቀምጥ ዓይነት ስለነበረ ልናውቀው አልቻልንም።

ሁለተኛው ድብቅ ጉዳት የገጾች አድራሻ ነው። ከቴሙ ጋር የመጣው መመሪያ የአድራሻውን አሠራር እንድቀይር አዘዘኝ፤ እኔም አደረግሁት። ዎርድፕረስ አንዳንዱን የድሮ አድራሻ ገምቶ ወደ አዲሱ ይመራዋል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የላሊበላንና የሰሜን ተራሮችን ጉዞ የሚያስተዋውቁት ገጾቻችን፣ ጎብኚዎች በየጽሑፋቸው ሊንክ ሲያደርጓቸው የኖሩ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሊንኩን የተጫነ ሁሉ የሚያየው 404 የሚል የስሕተት ገጽ ሆነ። አድራሻ መቀየር ግድ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ የድሮ አድራሻ ወደ አዲሱ 301 የሚባለው ቋሚ ማዘዋወሪያ መሠራት አለበት፤ ጉግል ይህ ማዘዋወሪያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሳይነካ እንዲቆይ ይመክራል። የእርስዎ ገጽ በአማርኛ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምርልዎት፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲቀመጥ ዘጠኝ ምልክት ይወስዳል፣ ዎርድፕረስ ደግሞ ለአንድ ገጽ የአድራሻ ስም የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው፤ በመሆኑም ከ22 ፊደል የሚያልፍ የአማርኛ ስም ይቆረጣል። ለአዲስ ገጽ አድራሻውን በላቲን ፊደል አሳጥሮ መጻፍ ይሻላል፤ የቆየውን ግን ለማሳመር ብለው አይንኩት።

በዳሽቦርዱ የንባብ ቅንብር ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥንም አለች። ሥራ ላይ እያሉ ምልክት አድርገውባት ሳያነሡ ከረሷት፣ ድረ ገጽዎ ከጉግል ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ እርስዎ ግን አድራሻውን እየጻፉ ስለሚገቡ ለወራት ላያስተውሉት ይችላሉ።

የፊደሉ ነገር የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ልዩ ጣጣ ነው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቴሞች የሚመጡት ለላቲን ፊደል ብቻ ከተዘጋጀ ፎንት ጋር ስለሆነ፣ አማርኛው በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ባለው ፎንት ይተካል፤ በአንዱ ቀጭን፣ በሌላው ወፍራም፣ ባረጀ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ነጻ ፎንት ከድረ ገጹ ጋር ማያያዝ ይህን ይፈታዋል። ዩኒኮድ ከሚባለው የዛሬው የፊደል ኮድ ሥርዓት በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካለዎት ደግሞ ገልብጠው አይለጥፉት፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆንብዎታልና መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ አለበት።

ይህን ሁሉ ያልኩት እጅዎን ሰብስበው ይቀመጡ ለማለት አይደለም። ዋጋ መቀየር፣ ጽሑፍ ማደስ፣ ፎቶ መተካት፣ ቀለምና ሎጎ ማስተካከል በራስዎ የሚችሉት ሥራ ነው፤ ፎቶውን ግን ከስልክዎ እንዳለ አይጫኑት፣ አንድ የሶፋ ፎቶ አራትና አምስት ሜጋባይት ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚገባ ደንበኛ እስኪከፈት አይጠብቅዎትም። ቴም መቀየር ግን ሌላ ነው። እርሱን በቀጥታ በሚሠራው ገጽ ላይ ሳይሆን፣ ብዙ ሆስቲንጎች በሚያቀርቡት የመሞከሪያ ቅጂ ላይ ያድርጉት። የኮድ ለውጥም ካስፈለገ ቻይልድ ቴም በሚባለው፣ በዋናው ላይ ተደርቦ በሚሠራ ተጨማሪ ቴም ውስጥ ይግባ፤ በዋናው ቴም ላይ የጻፉት ሁሉ ቴሙ አፕዴት ሲደረግ ይጠፋል። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ቅጂውን ራሴ አዘጋጅቼ፣ ፎርሙን፣ አድራሻዎቹንና ፎንቱን ብቻ እንዲያስተካክል አንድ ባለሙያ ለሁለት ቀን መቅጠር ነበር፤ ክፍያው ከጠፋብን የአንድ ቡድን ገቢ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሥራውንም የሠርግ ወራት ሳይደርስ ይጨርሱት፤ የቤት ዕቃ ገበያ በሚደምቅበት በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ እንዳይሆን። አዲሱ ገጽ የተከፈተ ዕለትም ከሌላ ሰው ስልክ፣ ከሌላ ሰው ኢሜይል ፎርሙን ሞልተው ይላኩና ኢንቦክስዎ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ።

በቴሌግራም የተላከልዎትን ቴም በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አይጫኑት። የሚከፈልበት ቴም ፈቃዱ ተሰብሮ በነጻ ሲዞር፣ ብዙ ጊዜ በውስጡ ወደ ድረ ገጽዎ ሌላ ሰው በድብቅ የሚያስገባ ወይም ጎብኚዎችዎን ወደ ቁማር ገጾች የሚወስድ ኮድ ተደብቆበታል፤ አፕዴትም ስለማያገኝ ክፍተቱ ሳይደፈን ይኖራል። የበጀት ጉዳይ ከሆነ ከዎርድፕረስ ይፋዊ ማውጫ ላይ ከሚገኙት ነጻ ቴሞች አንዱን ይምረጡ። ጭነውት ከሆነ ደግሞ ቴሙን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሌሎች ፋይሎች ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ከዚያ በፊት በተያዘ ባክአፕ ይመልሱትና የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ ይቀይሩ።