የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ከአሮጌ የጌም ካሴት ሙዚቃን ስለ ማውጣት፣ ስለ መሰየምና ስለ ማጫወት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በልጅነታችን አጎታችን ከዱባይ ያመጡልን ሴጋ ሜጋ ድራይቭ አሁንም ከነካሴቶቹ በእጄ ይገኛል። ሙዚቃዎቹን ለወንድሞቼ ላስቀምጥላቸው ብዬ ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ በሞባይል ስልክ ቀዳሁ፤ ነገር ግን ከመንገዱ የመኪና ጥሩምባ፣ ከጨዋታውም የዝላይና የምት ድምፅ አብሮ ገባ። ኮምፒውተር ላይ በኢሙሌተር (የድሮውን መሣሪያ በሚያስመስል ፕሮግራም) ሳጫውተው ደግሞ ጥርት ያለ ቢሆንም ሙዚቃው በቤታችን ከምናውቀው ይልቅ የሚሮጥ ሆነብኝ። የተሳሳተው ትውስታዬ ነው ወይስ ኢሙሌተሩ?
ቢ. ተ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ትውስታዎ ትክክል ነው፤ ኢሙሌተሩም አልተሳሳተም። ልዩነቱ የመጣው ከቴሌቪዥን ሥርዓት ነው። አገራችን በአናሎግ ዘመን ትጠቀምበት የነበረው ፓል ምስሉን በሰከንድ 50 ጊዜ ሲያድስ፣ ጃፓንና አሜሪካ የተከተሉት ኤንቲኤስሲ ግን 60 ጊዜ ያህል ያድሳል። የዚያ ዘመን ጌሞች አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃቸውን ከምስሉ እድሳት ጋር አስተሳስረው ስለሚያራምዱ፣ ለ60 የተጻፈ ዜማ በ50 ሲጫወት ፍጥነቱ በ17 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በጃፓን 3 ደቂቃ የሚፈጀው ሙዚቃ በፓል መሣሪያ 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው። ድምፅ አመንጪዎቹ ቺፖች የሚሠሩበት ፍጥነት ግን በሁለቱም ሥርዓቶች በጣም ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ባትሪው እንደደከመ ቴፕ ድምፁ አይወፍርም፤ ዜማው በዚያው ቅኝት ረጋ ብሎ ይሄዳል። መሣሪያዎ የፓል ዓይነት ከሆነ ብዙዎቹ ጌሞች በስክሪኑ ላይና ታች ጥቁር ጥብጣብ ሲያሳዩ ያያሉ። ለአውሮፓ ሲዘጋጁ ፍጥነታቸው የተስተካከለላቸው ጌሞችም ስላሉ፣ እያንዳንዱን ካሴት ለየብቻው ማድመጥ ያስፈልጋል።

ወደ ማውጣቱ ስንመጣ፣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በካሴቱ ውስጥ ያለው ሙዚቃ የተቀዳ ድምፅ አለመሆኑ ነው። ከከበሮና ከአንዳንድ አጫጭር የሰው ድምፅ ቁርጥራጮች በቀር፣ የተቀመጠው ለቺፖቹ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ስድስት የድምፅ መስመሮች ያሉት የያማሃው ዋይኤም2612 እና አራት መስመሮች ያሉት የኤስኤን76489 ዓይነት ቺፕ ትእዛዙን ተቀብለው ድምፁን እዚያው ያመነጩታል። ትእዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም ደግሞ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ካሴቱን ከፍቶ ሙዚቃውን ብቻ መዝዞ ማውጣት ለብዙዎቹ ጌሞች አይሆንም። መፍትሔው ጌሙ እየሠራ ወደ ቺፖቹ የሚላከውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነሰዓቱ መመዝገብ ነው፤ ቪጂኤም የሚባለው የፋይል ዓይነት የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ቪጂኤም ጊዜን በሰከንድ 44,100 ክፍልፋይ ይለካል፤ ለአንድ የምስል እድሳት በ60ው ሥርዓት 735፣ በ50ው ደግሞ 882 ክፍልፋይ ይጠብቃል። የቤትዎ ፍጥነት እንግዲህ በፋይሉ ውስጥ በቁጥር ተጽፎ ይቀመጣል።

ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ሬትሮድ ወይም ሳኒ ካርትሪጅ ሪደር የመሳሰለ አንባቢ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የካሴቱን የብረት ጥርሶች በአይሶፕሮፒል አልኮል በተነከረ ጥጥ ያጽዱ፤ አንዱን ካሴት ሁለት ጊዜ አንብበውም ሁለቱ ፋይሎች አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ከተለያዩ ንባቡ ተበላሽቷልና እንደገና ያጽዱ። ቀጥሎ ቪጂኤም መመዝገብ በሚችል ኢሙሌተር ፋይሉን ከፍተው፣ የክልል ምርጫውን አውሮፓ (ማለትም ፓል) ላይ አድርገው ምዝገባውን ይጀምሩ። እየተጫወቱ ግን አይመዝግቡ፤ የዝላዩና የምቱ ድምፅ ከሙዚቃው ላይ መስመር እየነጠቀ ስለሚገባ ከተመዘገበ በኋላ ለይቶ ማውጣቱ አድካሚ ነው። ብዙ የሴጋ ጌሞች በምርጫዎች ገጽ ላይ ሳውንድ ቴስት የሚባል ክፍል ስላላቸው፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሙዚቃ ብቻውን አስነሥተው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ዙሩን እስኪጨርስ ይተዉት።

የትኛውን ፍጥነት ልያዝ ካሉ፣ ሁለቱንም ይያዙ እላለሁ። የ60ው ቅጂ አቀናባሪው ያሰበው በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ብዙዎች ጠብቀውታል፤ የ50ው ግን እርስዎና ወንድሞችዎ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ የሰማችሁት ነው፤ እሱን መዝግቦ ለወንድሞችዎ የሚያቆይላቸው ከእርስዎ የቀረበ ሰው የለም። ይህን እንደ ስሕተት ቆጥረው እንዲያስተካክሉት የሚመክርዎ ሰው ቢኖር አይስሙት፤ በፋይሉ መለያ (ርእስና መግለጫ በሚጻፍበት ክፍል) ላይ «ፓል፣ 50 ኸርዝ» ብለው ይጻፉበትና ያስቀምጡት። የሙዚቃው መብት ግን የባለቤቶቹ ነው፤ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ በፍላሽ እያባዙ መሸጥ አይቻልም።

ጥያቄ፦ የሱፐር ኒንቴንዶና የሴጋ ሙዚቃ ፋይሎች ሰብስቤ ርእሳቸውን በአማርኛ መጻፍ ጀመርኩ። በኤስፒሲ ፋይሎቹ ላይ ግን ጽሑፉ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም የጥያቄ ምልክት ብቻ ይታያል። ሙዚቃዎቹም አንዳንዶቹ ድንገት ይቋረጣሉ፣ ሌሎቹ ማብቂያ የላቸውም። ምን ላድርግ?
ሰ. መ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ የኤስፒሲ ፋይል የሱፐር ኒንቴንዶ የድምፅ ክፍል በአንድ ቅጽበት የነበረበት ሁኔታ ሙሉ ቅጂ ሲሆን፣ 64 ኪሎባይት የድምፅ ማስታወሻውንና የስምንቱን መስመሮች ሁኔታ ይይዛል። መለያው አይዲ666 ይባላል፤ በውስጡ ለሙዚቃው ርእስ የተተወው ቦታ 32 ባይት ብቻ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከአሥር ፊደል በላይ አይገባም፤ የቆረጠብዎ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ደግሞ በዚህ ቦታ ከላቲን ፊደል ሌላ አይጠብቁምና የጥያቄ ምልክት ያሳያሉ። ስለዚህ በኤስፒሲው ላይ ርእሱን እንደነበረ በላቲን ይተዉት።

በቪጂኤም ላይ ችግሩ ቀላል ነው። ጂዲ3 የሚባለው መለያው 11 መስኮች አሉት፤ ሁሉም በዩኒኮድ የሚጻፉ ከመሆናቸውም በላይ ርዝመታቸው አልተገደበም። የርእስ፣ የጌም፣ የመሣሪያና የአቀናባሪ መስኮች እያንዳንዳቸው በእንግሊዝኛና በጃፓንኛ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ናቸው። የጃፓንኛውን ቦታ በአማርኛ እንዳይተኩት አደራ እላለሁ፤ ሌላ ሰው ሙዚቃውን የሚያገኝበት ስም እሱ ነው። አማርኛው በማስታወሻ መስክ ይግባ፤ እዚያ ርእሱን ብቻ ሳይሆን ካሴቱ የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ክልል ፍጥነት እንደተመዘገበም መጻፍ ይችላሉ። የአቀናባሪውን ስም በግምት አይሙሉ። በዚያ ዘመን ብዙ የጃፓን ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸውን ተፎካካሪ እንዳይወስድባቸው በቅጽል ስም ብቻ ያሳዩ ስለነበር፣ በጌሙ መጨረሻ ላይ የሚነበበው ስም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አይደለም። አንድ የተሳሳተ ስም ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ የሠራውን ሰው ዋጋ ያሳጣል፤ ባዶ መስክ ግን ሌላው አጣርቶ ሊሞላው ይችላል።

ስለ ርዝመቱ፦ እነዚህ ሙዚቃዎች ተጫዋቹ እስኪያልፍ ድረስ እንዲዞሩ የተጻፉ ስለሆነ ማብቂያቸውን የሚወስነው ፋይሉን ያዘጋጀው ሰው ነው። በኤስፒሲ መለያ ውስጥ የሰከንዶቹ ቁጥርና ድምፁ ቀስ እያለ የሚጠፋበት ጊዜ የሚጻፍባቸው መስኮች አሉ፤ ካልተሞሉ ማጫወቻው በራሱ ልማድ ይቆርጠዋል ወይም ጨርሶ አያቆመውም። በቪጂኤም ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ በፋይሉ ራስጌ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለት ዙርና አሥር ሰከንድ ያህል መጥፊያ የተለመደና ለጆሮም የሚበቃ ነው።

በኮምፒውተር ላይ ፉባር2000 የተባለው ማጫወቻ ከተገቢው ተጨማሪ ክፍል ጋር ሁለቱንም ያጫውታል። ለስልክ ግን ከዋናው ፋይል ወደ ፍላክ (ጥራቱን ሳይቀንስ ወደሚታመቅ የድምፅ ፋይል) ቀይረው ያዘጋጁ፤ የፍላክ መለያ በዩቲኤፍ-8 ስለሚጻፍ የአማርኛ ርእስዎ ሳይቆረጥ ይቀመጣል። ኤስፒሲውን ሲቀይሩ የናሙና መጠኑን በተፈጥሮው 32,000 ኸርዝ ላይ ይተዉት። ከተቀየረ በኋላም ዋናውን ፋይል አይሰርዙ፤ ከ70 ኪሎባይት በታች ነው፤ በሲዲ ጥራት ያልታመቀ ድምፅ ግን ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል።

ጥያቄ፦ የድሮ ፕሌይስቴሽን ዲስኮች በተራ ሲዲ ማጫወቻ ይሠራሉ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?
ኤ. ወ.፣ ከስታዲየም አካባቢ

መልስ፦ ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። የመጀመሪያው ትራክ የጌሙ መረጃ ስለሆነ አያጫውቱት፤ አሮጌ ማጫወቻ እንደ ድምፅ ካነበበው ድምፅ ማጉያውን ሊጎዳ የሚችል ኃይለኛ ጩኸት ያወጣል። ከሁለተኛው ጀምሮ ትራኮች ካሉ ተራ የሲዲ ሙዚቃ ናቸውና ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ በተባለው ፕሮግራም በቀጥታ ወደ ፍላክ ይቀዳሉ። ዲስኩ አንድ ትራክ ብቻ ካለው ሙዚቃው በመረጃው ውስጥ ተሸሽጓል፤ በኤክስኤ መልክ ታምቆ የተቀመጠ ከሆነ ፋይሉ ከዲስኩ ከወጣ በኋላ ቪጂኤምስትሪም የተባለው ፕሮግራም ያጫውተዋል፤ በፕሌይስቴሽኑ 24 የድምፅ መስመሮች በትእዛዝ የሚጫወት ከሆነ ደግሞ ፒኤስኤፍ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ይፈልጉ።